የሎሂካርሜ ዘር ማንዘር

ታህቮ ልጁን ሳይሚን ለባዕድ አልድርም ብሏል። እሷ የመረጠችው አልጎት ደግሞ አያቱ ከስዊድን በጀልባ የመጣ ነው። በዚያ የፊንላንድ የባሕር ዳር መንደር እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

እሁድ ከሰዓት ታህቮ ደጁ ላይ መረብ ይጠግናል። መረብ ይጠግናል እንጂ ባሕር ወጥቶ አያውቅም፤ እናቱ ሂልማ ከልጅነቱ ከልክለውታል። በስተርጅና ያገኙት አንድ ልጃቸው ነው። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ካልሲ ይሠራሉ። አልጎት ፊታቸው ቆሟል።

«የባዕድ ነገር እኛ ዘንድ አይበረክትም» አለ ታህቮ። «ዘንዶን ምን እንለዋለን?»

«ሎሂካርሜ።»

«ሎሂ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ነው፤ ወንዛችን ውስጥ አለ። ካርሜ እባብ ነው፤ ድንጋያችን ሥር አለ። ይኼን ማን ከውጭ አመጣልን? ባዕድ አለበት ብለህ አስረዳኝና ሳይሚን ውሰዳት። ካልቻልክ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»

«ተው ታህቮ» አሉ ሂልማ። «የተዳፈነ እሳት አትቆስቁስ።»

«ምን አስፈራሽ እማዬ? ይኼ ጮሌ ይዋሻል ብለሽ ነው?»

ሂልማ የሠሩትን ካልሲ መተርተር ጀመሩ።

አልጎት የቃላት ሊቅ ሊጠይቅ ቱርኩ ከተማ ሄደ። እስኪመለስ ሂልማ እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። መንገዱን እያዩ «ያ ልጅ መጣ?» ይላሉ። ጎረቤቱ «አሮጊቷ ልጁን ጠምደውታል» አለ።

አልጎት መጣ።

«ጋሼ፣ ሎሂው ሳልመን አይደለም። ‹ፍሎግ› የሚል የስዊድን ቃል ነው፤ የሚበር ማለት ነው፤ ከካርሜ ጋር የሚበር እባብ። የጥንት ሰዎቻችን ሁለት ድምፅ ተጣብቆ ሲመጣባቸው የፊቱን ይጥሉታል። ትምህርት ቤትን፣ የስዊድኖቹን ‹ስኮላ›፣ ኮውሉ፤ መስታወትን፣ ‹ግላስ›ን፣ ላሲ ያልነው እንደዚያ ነው። ፍሎግም ፊቱ ሲወድቅ የሚያውቁትን ሎሂ አለበሱት።»

«‹ሰዎቻችን› ይለኛል ደግሞ!» ታህቮ መረቡን ወረወረው። «አያቱ የቀዘፈበት ውኃ ሳይደርቅ! እማዬ፣ እስቲ ንገሪው፤ ከኛ ቤት ባዕድ ገብቶ ያውቃል?»

ሂልማ መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«ከተሰበረች ጀልባ አንስቼ ሳቅፍህ» አሉ፣ «መጠቅለያህ ላይ የተጠለፈው ስም ስታፋን ነበር፤ ታህቮ ያልንህ ምላሳችን እምቢ ብሎን ነው።»