ድንጋዩን ያሸከመው

ሦስቱ ሽማግሌዎች “እሺ ካላልሽን አንቀመጥም” ብለው ወይዘሮ እንጉዳይ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ልጇን የገደለው መኳንንት ከኋላቸው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ውብሸት፣ ሟችንም ግድያውንም የሚያስረሳውን መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ዘረጉላት። “እርቅ በሕግ እንዲህ ሆኗል፣ ልጄ። እሱ ትናንት ጠጥቷል። አንቺም ጠጪና ይውጣልሽ።”

“እንደ የሺ ልሁን?” አለች። ጎረቤቷ የሺ በጠጣች ማግስት የሟች ልጇን ጃኬት ይዛ መጥታ፣ “ቤቴ ተሰቅሎ አገኘሁት። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?” ብላ ጠይቃት ነበር። ጃኬቱ አሁንም እንጉዳይ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

“ሰላም እኮ ነው የምንለምንሽ።”

“ሰላም መች ጠላሁ? ልጄን ግን ሁለቴ አታስገድሉብኝም!”

ብልቃጡን ተቀብላ መድኃኒቱን ከእግራቸው ሥር ደፋችው። ሽማግሌዎቹ በድንጋጤ ሲንጫጩ መኳንንት ቀና አለ። ፊቱ በላብ ርሷል።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን ድንጋይ ለምን እንዳሸከሙኝ እርስዎ ያውቃሉ? እነሱ አልነገሩኝም።”

ጋሽ ውብሸት ደንግጠው ድንጋዩን ሊያወርዱለት እጃቸውን ሰደዱ።

“ተዉት፣ ጋሼ!” አለች። ከቤት በርጩማ አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“አውቃለሁ። ሰምተህ ስትጨርስ ታወርደዋለህ። ልጄ ሙሉቀን ይባላል።”