ከጉርምርምታው ሥር

ሶኬቱን እሰካለሁ። ባለፈው ሳምንት እምምም እያለ ጆሮ ሲያደነቁር የነበረው ሳጥን ዛሬ ትንፍሽ አይልም።

"ሰሙ፣ እትዬ ዋጋዬ?"

"ምኑን?"

"እሱን እኮ ነው የምልዎት። ምንም የለም።"

ኩራት ይዞኛል፤ አልደብቅም። ሳጥኑ ልጃቸው ከሸክላ ማጫወቻው ጋር የላከችላቸው ርካሽ ፕሪአምፕ ነው፤ ደካማውን የመርፌ ድምፅ አጉልቶ ለስፒከር ያቀብላል። ችግሩ መብራት የሚቀበልበት አዳፕተሩ ነበር። እሱን ጥዬ ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን ትራንስፎርመር አሰርኩለት፤ ጉርምርምታውን የሚያጠፉ ትልልቅ ካፓሲተሮች በየድኩበት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሰላ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ።

እሳቸው ግን ሥራልኝ አላሉኝም፤ የመጡት ማጫወቻውን እንድገጥምላቸው ብቻ ነበር። ሸክላው ከቤተ ክርስቲያናቸው ዕቃ ቤት የተገኘ የድሮ መዘምራን መዝሙር ነው። ወንድማቸው ዱሬሳ ከመዘምራኑ አንዱ ነበር፤ በአብዮቱ ጊዜ በቆጂ መንገድ ላይ ወታደሮች ከመኪና አውርደው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ፎቶው እንኳን የላቸውም። ባለፈው ሳምንት በጉርምርምታው ውስጥ አንድ ወንድ ብቻውን ሲዘምር ሰምተው "እሱ ነው" ብለው አለቀሱ። ዕቃቸውን ይዘው ሊሄዱ ሲነሱ "እንዲህ እየጮኸማ አልሰጥዎትም" ያልኩት እኔ ነኝ።

መርፌውን አስቀምጣለሁ። ሰውየው ከመዝሙሩ በፊት ቀስ ብሎ ጥቅስ ያነባል፤ ያን ጊዜ ይህ በጉርምርምታው ተውጦ አልተሰማንም ነበር። ኦሮምኛው የወለጋ ነው። እንደ ዱሬሳ ያለ የአርሲ ልጅ እንዲህ አያወራም። ከዚያ በዚያው ድምፅ መዘመር ይጀምራል።

ድምፁን ልቀንስ እጄን እሰዳለሁ።

"ተወው፣ ሔኖክ" ይሉኛል።

እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

"እሱ አይደለም።"

የድሮውን አዳፕተር ብመልሰው ጉርምርምታው ይመለሳል፤ ሰውየው ግን ከእንግዲህ ዱሬሳ አይሆንላቸውም። ምነው እጄን በሰበሰብኩ እላለሁ በልቤ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምን አጠፋህ? አሳምረህ ነው የሠራኸው።" ሸክላውን በጣታቸው ያሳዩኛል። "ገልብጠው እስቲ። ዱሬሳ ከሚቀበሉት አንዱ ይሆናል።"

እገለብጠዋለሁ። በዚህኛው በኩል ብቻውን የሚዘምር የለም፤ ሠላሳ አርባ ሰው ባንድ ላይ ነው። እትዬ ዋጋዬ ወንበራቸውን ይጎትቱና ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየለዩ መፈለግ ይጀምራሉ።