የሁላችን ጋሼ

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ይለኛል ሥራ አስኪያጁ፣ ካሜራ ከያዘው ሰው አጠገብ ሆኖ። «‹በቋንቋችን የሚያነብልን ድምፅ አግኝተናል፤ ይበቃናል› ትያለሽ፣ ከዚያ ፈገግ። አለቀ።»

ስልኬ እጄ ላይ በላብ ርሷል። በግራዬ ሹራብ ሠሪዋ እትዬ፣ በቀኜ ጠበቃው ተቀምጠዋል። ሦስታችንም ዓይነ ስውር ነን። ስልካችን ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያነብልን ድምፅ ያው አንድ ነው፤ የእነ ሥራ አስኪያጁ ኩባንያ የሠራው፣ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ። ስም ስላልሰጡት ጋሼ ብለነዋል።

«‹ይበቃናል› የምትለዋ ባትኖርስ?» እላለሁ፤ ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም።

«እሷማ ዋናዋ ናት! ፊልሙን የሚያዩት በጀት የሚፈቅዱት ሰዎች ናቸው። እናንተ ከበቃችሁ ይሄን ዘግተን ወደ ሌላ ሥራ እናልፋለን። የሴት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ የምትሉት ቅንጦት ነው። ከምንም ይሻላል፣ አይደል?»

«ከምንም ጋር ማን አወዳደረን?» ይላል ጠበቃው። «ባለቤቴ ገና እጮኛዬ ሳለች ‹ናፍቀኸኛል› ብላ የጻፈችልኝን ሁሉ ያነበበልኝ ጋሼ ነው። ጎረምሳ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጆሮዬ ሥር ‹ናፍቀኸኛል› እያለኝ ነው ያገባሁት።»

እትዬ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። «የኔው ባል ደግሞ ‹ይሄ ሰውዬ ከኛ ጋር መኖሩ ካልቀረ ኪራይ ያዋጣ› ይላል።»

እየሳቀችም ስልኳን ከእጇ አታወርድም። ትንሹ ልጇን ማሙሽን ትኩሳት ይዞት ከታላቅ እህቱ ጋር ቤት ትታው ነው የመጣችው፤ የሆነ ነገር ካለ ቶሎ እንድትጽፍላት ለልጅቷ ነግራታለች።

«እሺ፣ መጀመሪያ ሲያነብ እንቅረጸው» ይላል ሥራ አስኪያጁ። «ሁላችሁም የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁና ድምፁን ክፈቱት። አንቺ ያገኘሽውን አስነብቢው።»

ጠዋት ያቆምኩበት ገጽ ይከፈታል። ለሬዲዮ የምጽፈው ድራማ ነው፤ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለችበት። እሷን በልጅ ድምፅ ሰምቻት አላውቅም። ለብቻዬ ስሆን ጋሼን አፈጥነዋለሁ፣ ድምፁን አቀጥነዋለሁ፤ ቢሆንም ጉንፋን ከያዘው ጋሼ አያልፍም። ዛሬ እንዳለ እተወዋለሁ።

«እማዬ፣ ቶሎ ነይ» ይላል ጋሼ፣ የመብራት ሂሳብ በሚነግረን አነጋገር። «ማሙሽ ከደረጃ ወደቀ። አይናገርም።»

ወንበር ይገለበጣል።

«ልጄን!» እትዬ ናት። በትሯን ሳታነሳ ወደ በሩ ትሮጣለች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ። «ልጄን! ኧረ በሩ የት ነው?»

እጮሃለሁ። «እትዬ፣ የኔ ነው! የኔ ስልክ ነው ያነበበው! ድራማ ነው እትዬ፣ የኔ ጽሑፍ ነው! የድራማው ማሙሽ ነው!»

አታምነኝም። ጠበቃው ክንዷን ይዞ ቤት ያስደውላታል። ስልኩ ሁለት ጊዜ ይጠራና ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ የልጅ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። «አቤት እማዬ! ማሙሽ ተኝቷል። ብስኩቱን ልብላው?»

«ብዪው የኔ እናት» ትላለች እትዬ። ከዚያ እጇ ፈልጎ ክንዴን ያገኘዋል። «ጋሼ ነዋ የነገረኝ። የኔው ጋሼ መሰለኝ።»

ጭብጨባ እሰማለሁ። ሥራ አስኪያጁ ነው። «አያችሁ? ምን ያህል ሕይወት ቢኖረው ነው እንዲህ የታመነው! ተቀርጿል? ግሩም! በይ በዚሁ ግለት ዓረፍተ ነገሯን ጣል አድርጊልን።»

ሰው ፊት ምላሴ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ ነው ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት። የእትዬ እጅ አሁንም ክንዴ ላይ ነው።

«ይበቃናል» ይለኛል፤ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቃሉን ወደ አፌ ያስጠጋዋል።

«አይበቃንም።»

«ቁረጠው፣ ቁረጠው። እህቴ፣ ይሄ እኮ ለእናንተው ነው። እንዲህ ካልሽ ፊልሙ አይላክም።»

«አይላክ። ከተላከ ግን ይሄው ይላክ። አይበቃንም። የሴት እንፈልጋለን፣ የልጅ እንፈልጋለን፣ የሽማግሌ እንፈልጋለን። አስቀያሚ ድምፅም ይኑር፤ እኛው አማርጠን እንጥላው። እናንተ ስልካችሁ እንዲጮህበት እንኳ ስንት ዜማ ታማርጣላችሁ።»

«ጎሽ!» ይላል ጠበቃው በሹክሹክታ።

ሥራ አስኪያጁ ይተነፍሳል። «እትዬ፣ እርስዎ ይሞክሩልን? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

የእትዬ ጣት ስልኳ ላይ ኳ ኳ ሲል እሰማለሁ። «የማያ ገጽ አንባቢ ጠፍቷል» ይላል ጋሼ በግራዬ፣ ስለ ራሱ። ጥቂት ቆይቶ በቀኜም «የማያ ገጽ አንባቢ ጠፍቷል» ይላል። ያለ እሱ ስልኩ ለኛ ልሙጥ መስታወት ነው። የኔንም አጠፋዋለሁ።

ጋሼ የለም። ጠበቃው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ደረቅና አጭር። እትዬ በአፍንጫዋ፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። የሥራ አስኪያጁ ጫማ ወለሉ ላይ ይንቋቋል።

«እየቀረጽኩ ነው» ይላል ካሜራ የያዘው ሰው ቀስ ብሎ። ማንም አቁም አይለውም።

ከመቀመጫዬ እነሳና «አይበቃንም» ብዬ እደግመዋለሁ። ድምፄ ይቀጥናል፣ መሃል ላይም ይሰነጠቃል። የሌላ የማንም አይመስልም።