ኑ እስቲ

«ቁርጡን ንገሪኝ፣ ኩሬው ይደፈን ወይስ ይቆይ?» አሉ የቤቱ ባለቤት ሐጃ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ዳር እንደቆሙ። ሬሕማ ወንፊት ይዛ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ነበረች። ካርቱም ላይ ሃቡብ፣ ያ የአሸዋ አውሎ ነፋስ፣ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ አቧራ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ፓምፑ ይታነቃል፤ አረንጓዴው ዝልግልግ ዛሬ ቢጠረግ ነገ ይመለሳል። እዚህ ቤት ከተቀጠረች ወር እንኳ አልሞላትም፤ ወገቧ ግን አልቋል። «ይደፈን፣ ሐጃ» አለች። ሐጃም እፎይ ብለው «ያላ፣ እንግዲያው ዓሣዎቹን አውጪና ለጎረቤት እንስጣቸው» አሉ።

ዓሣዎቹ ከወንፊቱ እየሸሹ ታች ጥላው ውስጥ ተወሸቁ። ሐጃ ዳቦ እየቆረሱ በዐረብኛ «ተዓሉ፣ ተዓሉ» ብለው ጠሯቸው፤ አንድም ንቅንቅ ያለ የለም። ሬሕማ ሰለቻትና፣ ወሎ እያለች ዶሮዎቿን እንደምትጠራው፣ በአማርኛ «ኑ እስቲ፣ ኑ» አለች። ውሃው ተላወሰ። ሁሉም አንድ ላይ ወጥተው እጇን ከበቡት፤ አፋቸውን ከፍተው ባዶ መዳፏን ይነካኩ ጀመር።

«ከእኔ በፊት እዚህ የሠራችው ያገሬ ልጅ ማን ነበረች?»

«ሐበሻ? ወላሂ፣ ከአንቺ በፊት ሐበሻ እዚህ ግቢ ረግጣ አታውቅም» አሉ ሐጃ፣ ሬሕማ አፏን ሳትዘጋ።

ሬሕማ እግሯን ከጭቃው ልታነሳ አሰበችና ፈራች። ከዚያ ወንፊቱን ቀስ ብላ ጠርዙ ላይ አኖረችው።

«አይደፈን፣ ሐጃ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የምትጠራቸው እዚሁ ታች አለች።»