የመርዋ መሐላ

ጃቢር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆመ። ክንዱ አልጨመረም፣ ደረቱ አልሰፋም። ጂሙ ውስጥ ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ቆርቆሮ በማንሣት ከኋላው የጀመሩት ልጆች ሳይቀሩ አልፈውት ሄዱ። ቤት ሲገባ ትንሿን ልጁን ሰልማን እንኳ ማንሣት ተወ። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ራሱን ያይና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

ሚስቱ መርዋ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ታያለች። ከስምንተኛ ክፍል ተነሥታ የተዳረች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት።

አንድ ቀን ጃቢር አንድ ብልቃጥ ኪኒን ይዞ መጣ። የሰጠው የጂሙ አሠልጣኝ አብዮት ነው። ስቴሮይድ ይሉታል፤ ሰውን እንደ ድልብ በሬ ያፋፋል፣ ጉበትና ልብ ግን ይጎዳል ይባላል። ብልቃጡን አንዴ ይከፍተዋል፣ አንዴ ይዘጋዋል። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና ከአመዱ ጉድጓድ ወረወረው።

«ሐራም ነው» አላት ተመልሶ። «ባላድግ ይቅር። የአባቴን ዓይን በምን ፊቴ አያለሁ?»

አባቱ ሐጂ ዐብዱረሕማን አራዳ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ክንድ አጎደሉ ተብለው ታምተው አያውቁም። ሱቁን ለጃቢር ሊለቁለት አስበዋል፤ የሚያጭበረብር ልጅ ግን ደጁን አይረግጥም ይላሉ።

መርዋ «ሸጋ አደረግህ» አለችው። በማግሥቱም እንደ ወትሮዋ የምድጃዋን አመድ አፍሳ ልትደፋ ወጣች።

ረመዳን ካለፈ በኋላ ጃቢር ማደግ ጀመረ። ሸሚዙ ጠበበው። ጀርባውን ብጉር ወረረው፤ ነገርም ቶሎ ያናድደው ጀመር። ቢሆንም ልጁን መልሶ ማንሣት፣ ወደ ላይ መወርወር፣ መሳቅ ጀመረ። «አየሽ? ከሐራም ስርቅ አላህ ከፈተልኝ» ይላታል።

ከጂም ሲመለስ የሚጠጣው በሶ ነው፤ እሱም ከመርዋ እጅ ካልሆነ አይጥመውም። እናቱ እማማ ሐዲጃ በጥብጠው ቢሰጡት እንኳ አንዴ ቀምሶ ያስቀምጠዋል። «መስተፋቅር ብትነሰንስበት ነው እንጂ፣ ገብስ ያው ገብስ አይደለ?» እያሉ በመርዋ ይቀልዳሉ። ጃቢር ይስቃል። መርዋ ኩባያውን አንሥታ ልታጥብ ትሄዳለች።

ሳቅ ካቆመች ቆየች። ሶላት ስትቆም ሐሳቧ ይበተናል፤ ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን ከመስገጃው ሳታነሣ ትቆያለች። ባሏ «ምነው ከሳሽ?» ሲላት ዓይኑን ሽሽት ወደ ልጇ ትዞራለች።

ጃቢር ኪኒን ይውጣል የሚለው የሰፈሩ ወሬ እማማ ሐዲጃ ዘንድ ደረሰ። ብልቃጡን መጣሉን ጃቢር ራሱ ነግሯቸው ስለነበር፣ እንጨት ይዘው አመዱን እስከ ታች በተኑት። ምንም የለም።

«እግር አውጥቶ አልሄደ» አሏት መርዋን። «ተመልሶ አንሥቶታል። ሚስቱ ነሽ፣ ቦርሳውን ፈትሺልኝ።»

ባልን መፈተሽ ነውር ነው። መርዋ ግን አማቷ ቆመው እያዩ ቦርሳውን፣ ኪሱን፣ የፍራሹን ሥር ፈተሸች። ምንም አልተገኘም። በዚህ መሐል ሰልማ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወደ አባቷ ኩባያ እጇን ሰደደች። መርዋ ልጇን መትታ አታውቅም፤ ያን ቀን መታቻት። እማማ ሐዲጃ ለአንድ ጉንጭ በሶ ሕፃን ይመታል ወይ ብለው ተቆጡ። መርዋ ልጇን አቀፈቻትና ከልጇ ብሳ አለቀሰች።

ቅዳሜ መርዋና አማቷ ገበያ ሲወርዱ አሠልጣኙ አብዮት አገኛቸው። «ባልሽ በረታ አይደል?» አለና ለመርዋ ሳቀላት። እሷ ሻርፏን ወደ ፊቷ ስባ አለፈችው። አማቷ ግን ቆመው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚህ ነው የሚገዛው፣ ምስኪኗም አውቃ ትሸፍንለታለች አሉ በልባቸው።

ጃቢር ባሕር ዳር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ወሬው እሳቸውም ጆሮ ደርሶ ነበርና ሐጂ ዋንጫውን አልነኩትም። ከዐስር ሶላት በኋላ ቤተሰቡን ሰብስበው ቁርኣኑን አስመጡ።

ጃቢር ሳያመነታ እጁን ጫነ። «ወላሂ፣ ያን ቀን ጥዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔም አላየሁት።»

ሐጂ ወደ መርዋ ዞሩ። ሰው ለጥቅሙ ሊምል ይችላል፣ ዝምተኛ ሴት ግን በአላህ ስም አትዋሽም አሉ።

መርዋ እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ ልታደርግ ወጣች። ቆየች። ስትመለስ ከንፈሯ ነጥቷል። ቃሏን እንደ ምስር እየለቀመች፣ «ወላሂ፣ ጃቢር ኪኒን ሲገዛ አላየሁም፣ ሲውጥም አላየሁም። ወላሂ፣ ልቡ ንጹሕ ነው» አለች።

እማማ ሐዲጃ ፊቷን አይተው ደረታቸውን ያዙ። ለባሏ ስትል ነፍሷን ሸጠች ብለው አዘኑላት።

ሐጂ ቁርኣኑን በጨርቁ ጠቀለሉ። «በሐሰት የተማለበት ገላ ይመነምናል» አሉ ረጋ ብለው። «እስከ አረፋ እናያለን። ያን ጊዜ እንዳለ ካለ፣ የሱቁ ቁልፍ የሱ ነው። ከቀነሰ ግን ልጄ አይደለም።»

ጃቢር ከልቡ ሳቀ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ቤት እንደገቡ ሰልማን ትከሻው ላይ ሰቀላትና፣ «በይ መርዋዬ፣ በሶዬን» አለ።

መርዋ ማጀት ገብታ የበሶውን ቆርቆሮ አወረደች፤ እጇን እስከ ክንዷ ዱቄቱ ውስጥ ሰድዳ አመድ የበላውን ብልቃጥ አወጣችና፣ እንደ ወትሮዋ አንድ ፍሬ አድቅቃ በጠበጠችለት።