ጥያቄው ይደገም?

«ቁልፍና ሻይ ብቻ እኮ ነው!» ይላል ዳይሬክተሩ። ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ አሁን መጠጥ ለመተው የምንታገል ሰዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። የሚያናግረን ግን ዛሬም ሰልፍ ላይ እንደቆመ ተማሪ ነው። «ቀደም ብሎ መጥቶ በር መክፈት፣ ሻይ ማፍላት፣ ብርጭቆ ማጠብ። በቃ! ማን ነው ፈቃደኛ?»

ሁሉም ጫማውን ያያል። እንዲህ ያለ የጫማ ፍቅር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

እስከ ዛሬ በር ስትከፍትና ሻይ ስታፈላ የቆየችው፣ ሁላችን እትዬ የምንላት ሴትዮ ከዛሬ ወዲያ ሻዩንም ቁልፉንም አልይዝም ብላለች። የሕንፃው አስተዳዳሪ ደግሞ «ቁልፍ የሚረከብ ሰው ዛሬውኑ ካላመጣችሁ ክፍሉን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሏል። እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም የምወደው ሰው የለኝም። ግን አመሻሽ ላይ የምቀመጥበት ሌላ ቦታም የለኝም፤ እግሬ ካልታሰረ የት እንደሚወስደኝ ያውቃል። ስለዚህ ክፍሉ እንዲዘጋ አልፈልግም። ሥራውን ግን ሌላ ሰው ይሥራው።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አገልግሎት የሚጠቅመው አገልጋዩን ነው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ...»

«ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጨርሱለታል። ተረት ለመጨረስማ ማን ይቀድማቸዋል! የጠፋው ሎሚውን የሚሸከም ነው።

ጠበቃው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔ እንኳ በምክር በኩል...» ሻይ ምን ምክር ያስፈልገዋል? ውሃ ይፈላል፣ ቅጠል ይገባል። ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች፤ ቅድም ደረጃውን እንደ ጥጃ እየዘለለች ነው የወጣችው። አጠገቤ ያለው ባለታክሲ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ስልኩ እንደጠፋ ነው፣ ይታየኛል። ባለፈው ሳምንት እዚችው ወንበር ላይ «ይሄ ቤት ባይኖር ሞቼ ነበር» ብሎ የተንሰቀሰቀው እሱ ነው። ሁላችንም አብረነው አለቀስን። ለእንባ ሲሆን የሚቀድመን የለም።

እኔስ? እኔማ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው እጣቢ ሳስወርድ ውዬ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የነዚህን ብርጭቆ ልጠብ? ምን ቆርጦኝ! እንደ እትዬ ያለች ሌላ ሴትዮ ይቅጠሩ።

እትዬ ሽርጧን አሸርጣ፣ ትሪዋን ይዛ በወንበሮቹ መሀል ታልፋለች። ከመስኮቱ ማዶ መጠጥ ቤቱ መብራቱን አብርቷል፤ ሳጥን ሲያራግፉ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ይለፈልፋል፣ የኔ ጆሮ ግን ከተሻገረ ቆይቷል። እዚህ ብርጭቆ ይንቃጨላል፣ እዚያ ጠርሙስ ይንቃጨላል። ምራቄን እውጣለሁ።

«...ይደገም?» ይላል አንድ ድምፅ፣ ከሩቅ።

እጄ ቀድሞኝ ይወጣል። ጣቴ አየር ላይ ይሽከረከራል። «ይደገም! ለኔም ለሱም!» እላለሁ፣ ባለታክሲውን እያሳየሁ።

ሁሉም ከጫማው ቀና ብሎ ያየኛል። ዳይሬክተሩ ያለው ለካ «ጥያቄው ይደገም?» ነበር።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ትፈነዳለች። ጠበቃው የሳቅ እንባውን ይጠርጋል፤ ባለታክሲው «እኔ የለሁበትም!» እያለ ይንፈራፈራል። ሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ ማንም አይገባውም። እዚህ ግን መጠጥ ቤት ተቀምጦ ያቺን ቃል ያልጮኸ፣ ያቺን ጣት ያላሽከረከረ አንድም ሰው የለም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እጅ ወጥቷል!» ይላል ዳይሬክተሩ፣ ጠረጴዛውን እየመታ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«የወጣ እጅ የወጣ እጅ ነው። ተባረክ!»

ያጨበጭባሉ። ከሸክም ያመለጠ ሰው ጭብጨባ እንዴት ይደምቃል! ጠበቃውማ ተነስቶ ነው የሚያጨበጭበው፣ ነውረኛ።

እትዬ ከወንበሬ አስነስታ ትሪውን ታስረክበኛለች። ቁልፉን ራሷ ኪሴ ትከተዋለች፤ ሽርጧን ፈትታ ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ከዚያ ከትሪው አንድ ብርጭቆ አንስታ ወንበሬ ላይ ዘፍ ትላለች።

«ምነው እትዬ፣ ደሞዙ አነሰሽ እንዴ?» እላታለሁ። ንዴቴን የምወጣበት ሌላ ሰው አላገኘሁም።

«የምን ደሞዝ?»

«የጽዳቱ ነዋ! የሕንፃው ሠራተኛ አይደለሽ?»

ቀና ብላ ታየኛለች። አትቆጣም። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ግን ሳቁን ይውጣል፤ ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ይጀምራል።

እትዬ ወደ ሰዉ ትዞራለች። «እኔ እትዬ ነኝ» ትላለች። «ጠጪ ነኝ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ» ይላል ክፍሉ በሙሉ፣ ለአዲስ ገቢ እንደሚባለው።

«መጀመሪያ የመጣሁ ለታ ሻይ ማን ያፈላል ሲባል እጄን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም። የሁላችሁንም ቆሜ ሰማሁ፤ የኔን የጠየቀኝ የለም። ሰሞኑን ክፉኛ አምሮኛል። ዛሬ ቁልፉን የሚቀበለኝ ባጣ ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ልሻገር ነበር።» በአገጯ መስኮቱን ታሳያለች።

ባለታክሲው ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከታል።

ትሪ ይዞ ሲዞር ያልተንቀጠቀጠ እጇ አሁን አልታዘዝ ብሏታል። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ አፏ ለማድረስ ትታገላለች፤ ሻዩ ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። ትሪውን ባለታክሲው ጭን ላይ አስቀምጥና ጎንበስ ብዬ ብርጭቆውን ከሥር እደግፍላታለሁ።