የነጎድጓድ ሻማ

የዊስኮንሲን ሰማይ ሲያጓራ የፖላንድ ስደተኞች ቤተ መዘክር መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ጄኖቬፋ የመስታወቱን ሣጥን ከፈተችና አያቷ ባሕር አሻግራ ያመጣቻትን፣ በነጎድጓድ ጊዜ መስኮት ላይ የምትበራውን የተባረከች ሻማ አወጣች።

«ጋሼ፣ የቤተ መዘክር ዕቃ አይነካም ብለህ እንዳትቆጣኝ፤ ፈርቻለሁ።»

ቤቱን አብሯት የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሟ ከወንበሩ ሳይነሣ ሣቀባት። «መብረቁ እንኳ ምላስሽን ፈርቶ አይጠጋሽም!»

ክብሪት ጭራ ሻማዋን አበራችና ወደ መስኮቱ አመራች። «እቴ» አላት ከኋላዋ፤ ድምፁ ሰልሎ ነበር። ዞር ስትል ፊቱ አመድ መስሎ፣ በአንድ እጁ ደረቱን ጨብጦ፣ ሌላውን ዘርግቶላት አየችው።

«መስኮቱን ተዪው። እኔን አስይዢኝ።»

«እመቤቴ ድረሽ!» አለች። ነጎድጓዱ ከጆሮዋ ጠፋ። እናታቸውም አባታቸውም ያቺን ሻማ በእጃቸው የያዙት ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ነበር።